መምሬ ዓለሙን ከዋሻው ደጅ ያገድኩበት ቀን

በላሊበላ ኬሚስትሪ አስተምር በነበርኩበት ጊዜ ተማሪዎቼ ቲቸር ጥሩወርቅ ይሉኝ ነበር። ሌላው የከተማው ሰው ግን «ላምባ አጣቢዋ» ነበር የሚለኝ። ስሙን ያወጣችልኝ እናቴ ናት። ከሶቪየት ኅብረት ተምሬ ስመለስ ጎረቤቱ ሁሉ «ልጅሽ ምን ተምራ መጣች?» እያለ ሲያስቸግራት፣ እኔ ያስረዳኋትን በራሷ መንገድ አሳጥራ «ላምባ ማጠብ ነው የተማረችው» አለቻቸው። ሰው ሳቀ፤ ስሙም ተጣብቆብኝ ቀረ።

እናቴ አልተሳሳተችም። ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሲወጣ ንጹሕ አይደለም፤ ድኝ አለበት፣ ናይትሮጅን አለበት። እነዚህ ሳይወጡለት ከተቃጠለ ጢሱ ሳንባ ይጎዳል፣ ብረትም ይበላል። ለማጥራት ዘይቱ ከሃይድሮጅን ጋር ተደባልቆ፣ በኃይለኛ ሙቀትና ግፊት፣ ጥቃቅን ጥቁር እንክብሎች በተሞሉበት ጋን ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። እንክብሎቹ ካታሊስት ይባላሉ። ሞሊብዲነም የሚባል ብረት አለባቸው፤ ከሱ ጋር ኮባልት ወይም ኒኬል ይገባል። የሚገርመው ግን እነዚህ ብረቶች ድኝ ማስወጣት የሚችሉት አስቀድመው ራሳቸው ድኝ ከጠገቡ በኋላ ነው። ኮባልቱ ድኙን በማስለቀቅ ይበረታል፤ ኒኬሉ ናይትሮጅኑን። እኔ የጥናት ዓመታቴን የጨረስኩት ሁለቱንም አብሮ የሚያወጣ ድብልቅ ስፈልግ ነበር።

አገሬ ስገባ ለእንዲህ ዓይነቱ ሙያ ክፍት ቦታ የለም ተባልኩና ወደ ተወለድኩበት ላስታ አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። በደርግ ጊዜ የተመደቡበትን ቦታ እምቢ ማለት የለም። ግን ውስጤ ተቃጥሎ ነበር። ድርቁ መጥቷል፤ ከሙጃ ደጋ በኩል የሚመጣው ገብስ ቀርቷል፤ ምንጮች እየነጠፉ ነው። የጤና ረዳት ብሆን ሰው በጠቀምኩ፣ የእርሻ ባለሙያ ብሆንም እንዲሁ። የነዳጅ ጠብታ በሌለበት ተራራ ላይ የነዳጅ ካታሊስት ማወቅ ምን ይረባል? ይህን ለእናቴ እንኳ አልነገርኳትም። በየወሩ ግን ዝውውር እጠይቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ነው።

የገበሬ ማኅበሩ ውኃ ማጠራቀሚያ ቸግሮት ከወልዲያ ከመጣ አንድ ነጋዴ በርሜሎች ገዝቶ ነበር። አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። ሁለቱ ግን ክዳናቸው የታሸገና ከባድ ነበሩ። ነጋዴው «ጥቁር ጠጠር ነው ያለበት፤ ድፉትና እጠቡት» ብሎ ትቷቸው ሄዷል። እሱም ከሌላ ሰው ነው የገዛው፤ በርሜሎቹ መጀመሪያ ከየት እንደወጡ ኋላም ቢጠየቅ የሚያውቅ አልተገኘም። እነዚያን ሁለቱን የማኅበሩ ሰዎች ሌባ እንዳይወስድባቸው አንከባለው እህል ማከማቻው ውስጥ አስገቧቸው።

ማከማቻው ከከተማው ዳር፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ግርጌ፣ ዓለቱ ውስጥ የተፈለፈለ አሮጌ ዋሻ ነው። በሩ ጠባብና ዝቅተኛ ስለሆነ ጎንበስ ብለው ነው የሚገቡት። ገባ ሲሉ ወደ ታች የሚያወርዱ ደረጃዎች አሉት። ጣራው ላይ ድሮ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ነበረ፤ ዝናብ እህሉን እንዳያበሰብሰው ብለው በድንጋይና በጭቃ ደፍነውታል።

ከገበያ ስመለስ በዚያ በኩል ነበር መንገዴ። ገና ከሩቅ ሽታው መጣ። ሌላው ሰው የገማ እንቁላል ነው ይለዋል፤ እኔ ግን ውስጡ የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሌላ ነገር ለየሁ። ያን ሽታ ለብሼው ኖሬያለሁ። ከላቦራቶሪ ስወጣ ፀጉሬ ውስጥ ይገኝ የነበረው እሱ ነው። ላስታ ተራራ ላይ ሲሸተኝ መጀመሪያ የመጣብኝ ፍርሃት ሳይሆን ግራ መጋባት ነበር። ቆምኩ። ከዚያ ዘንቢሌን ጥዬ ሮጥኩ።

ዋሻው ደጅ ላይ የማኅበሩ ሊቀመንበር አድማሴ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቆሟል። ሁሉም አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ይዘዋል።

«ማን አለ ውስጥ?» አልኩት።

ሲሳይ እንደገባ ነገረኝ። ሲሳይ የማከማቻው ጠባቂ ነው፤ የመምሬ ዓለሙ ትንሹ ልጅ፣ ባለፈው ጥር የተሞሸረ። በርሜሎቹን በዲጂኖ ከፍቶ ጠጠሩን እዚያው ጥግ አፍስሶታል። ጠጠሩ ሲሞቅበትና ጢስ ቢጤ ሲያወጣ ጊዜ ወጥቶ ውኃ ጠየቀ፤ በእንስራ ወስዶ ደፋበት። አሁን ሁለተኛውን እንስራ ይዞ መግባቱ ነው። «እንዲያውም ሽታው እየተወው ነው» አለኝ አድማሴ ደስ እያለው። «ውኃው ገደለው መሰለኝ።»

እኔም አሸተትኩ። ለእኔም ጠፍቶ ነበር።

በተማርኩበት ላቦራቶሪ አንዲት ያረጁ ሠራተኛ ነበሩ። ያረጀ ካታሊስት ከጋኑ በሚወጣበት ቀን እኛን ተማሪዎች ከበር ያስቆሙና አንድ ነገር ይደጋግሙልን ነበር፤ ሲሸትሽ ተጠንቀቂ፣ መሽተቱን ሲተው ግን ሩጪ። ጋዙ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። ትንሽ ሲሆን ይሸታል፤ ሲበረታ መጀመሪያ የሚገድለው አፍንጫን ነው። የበርሜሎቹ ጠጠር፣ ያ ያረጀ ካታሊስት፣ ደግሞ ነዳጅ ጠጥቶ፣ ድኝ ጠግቦ፣ ታሽጎ የኖረ ነው። አየር ያገኘ ለት ራሱን በራሱ ያግላል፤ የክፍሉን አየር እየበላ መርዝ ይተፋል። መስኮት የሌለው ዋሻ ውስጥ ማለት እንግዲህ...

ሰዎቹን ከደጁ ወደ ነፋሱ በኩል ገፋኋቸው። ሲሳይን ተጣራሁ። መልስ የለም። ይህን ጊዜ ታላቅ ወንድሙ ታረቀ ከሰዎቹ መካከል ወጥቶ፣ እጄን ልዘረጋ ስል በጎኔ ሾልኮ ገባ። ደረጃውን ሲወርድ የእግሩን ኮቴ ሰማን። «ሲሳይ» አለ አንዴ። ቀጥሎ አንድ ከባድ ነገር ሲወድቅ ተሰማ። ከዚያ ምንም።

ጎንበስ ብዬ ሳይ ታረቀ ደረጃው ግርጌ በአፉ ተደፍቷል። ሲሳይ አይታይም።

ወዲያው ወንዶቹ ሁሉ ለመግባት ተነሡ። እኔ በሩ ላይ ቆምኩ። በሩ ጠባብ ነው ብያችኋለሁ፤ አንዲት ቀጭን ሴት ክንዷን ዘርግታ ልትዘጋው ትችላለች። ውስጥ አየር የለም፣ የሚገባ ሁሉ እንደ ታረቀ ይወድቃል፣ ጣራው ይከፈት አልኩ። አንዱ ችቦ አምጡ ሲል ሰማሁና፣ ጋዙ እሳት ካየ ዋሻው ከነሰዎቹ ይነዳል ብዬ ለመንኩት። ከሰዎቹ መካከል የነበረ አንድ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ዞር በይ አለኝ። አልዞርኩም። እንዲያ ያለ ድፍረት ከየት እንዳመጣሁት ዛሬም አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እነሱ ከገቡ በዚያ ደጅ የሚቀር ሰው እንደማይኖር።

መምሬ ዓለሙ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ሰው ነግሯቸው ከቤታቸው እየሮጡ መጥተዋል፤ ጥምጥማቸው ወድቆ ራሳቸው ባዶ ነው። መቋሚያቸውን ይዘው ፊቴ ቆሙ። ሕፃን ሆኜ ያጠመቁኝ፣ ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው።

«ልጄ፣ ገለል በይ» አሉኝ።

«አልልም መምሬ።»

«ውስጥ ያሉት ሁለቱ ልጆቼ ናቸው።»

«አውቃለሁ። እርስዎ ሲገቡ ሦስት ይሆናሉ።»

«ይሁና።»

ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። እጃቸውን ደረቴ ላይ አሳረፉ፤ ሊገፉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጉልበታም ሰው ነበሩ፤ ቢገፉኝ ከፊታቸው አልቆምም ነበር። ዓይኔን ሳልነቅል «መምሬ፣ ታረቀን ማውጣት እንችላለን፤ ግን እኔ በምልዎት መንገድ ብቻ» አልኳቸው።

እጃቸው ደረቴ ላይ እንዳለ ቆዩ። ከዚያ አነሡት።

«ምን እናድርግ?» አሉ።

የእሳቸውን ቃል ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚያ በኋላ ማንም አልተከራከረኝም። አድማሴ ሰዎቹን ይዞ ጣራው ላይ ወጣና የተደፈነውን ቀዳዳ በዲጂኖና በመጥረቢያ ይቀጠቅጠው ጀመር። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ከአህዮቻቸው ላይ የጭነት ገመድ ፈትተው ሰጡን። አንዱን ገመድ ወገቤ ላይ አሰርኩ፤ ለታረቀ የሚሆነውን የሌላ ገመድ ጫፍ በእጄ ያዝኩ። የወገቤን ገመድ መምሬ፣ ሁለተኛውን ሌሎች ሰዎች ከውጭ ይዘውታል። ከወደቅሁ ማንም ተከትሎኝ እንዳይገባ፣ በገመዱ ብቻ እንዲጎትቱኝ አስማልኳቸው።

ከደጁ ራቅ ብዬ ንጹሕ አየር ደጋግሜ ሳብኩ። የመጨረሻውን ውጬ ትንፋሼን እንደያዝኩ ገባሁ።

ያየሁት ትንሽ ነው። ዓይኔን እንደ በርበሬ ፈጀኝ። ከጨለማው መጨረሻ ሙቀት ይመጣል። የታረቀን እግሮች በዳበሳ አገኘሁና በእጄ የያዝኩትን ገመድ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠምጥሜ ቋጠርኩ። ሳንባዬ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር። ገመዱን ሳብ ሳደርግ ሁለታችንንም ጎተቱን፤ እኔ በእንብርክኬ፣ እሱ በደረቱ።

ታረቀ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር፤ አይተነፍስም። በትምህርት ቤት የመጀመሪያ እርዳታ እንደተማርኩት፣ በአፉ አየር ከመንፋቴ በፊት ወደ ነፋሱ አራቅነው፣ ሸሚዙን ቀደድን፤ ከዚያ ነፋሁለት። ብዙ ጊዜ ነፋሁለት። አንዴ ሳለ። ከዚያ አስታወከ። ከዚያ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

መምሬ ልጃቸውን አላቀፉትም። ፊታቸው ወደ ዋሻው ነበር።

«ሲሳይስ?» አሉኝ።

ከባዱ ይሄ ነበር። ሲሳይ የወደቀው ከበርሜሎቹ ጋር፣ ከዋሻው መጨረሻ ነው። በአንድ ትንፋሽ ደርሶ መመለስ አይቻልም። ዋሻው እስኪጠራ መጠበቅ አለብን አልኳቸው። ለአንድ አባት ልጅህ እስኪሞት ጠብቅ ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር። እሳቸውም አውቀውታል። ዓለቱ ላይ ተቀመጡና ዳዊት መድገም ጀመሩ፤ ድምፃቸው አንዳንዴ ይቆረጣል፣ መልሰው ይይዙታል።

ጣራው ተከፈተ። ከሸለቆው የሚነሣው ነፋስ በበሩ ገብቶ በላይ ይወጣ ጀመር፤ ሰዎች ደግሞ በበሩ በኩል በቁርበት ያራግቡ ነበር። መጥራቱን በምን እንወቅ? እሳት አይሆንም፤ አፍንጫ አይታመንም። አንዲት ሴትዮ ገበያ ያልተሸጠላቸውን ዶሮ አቅፈው ቆመዋል። ለመንኳቸው፤ ሰጡኝ። በእንቅብ አድርገን በገመድ በቀዳዳው አወረድናት። ስናወጣት ሞታለች። ያን ጊዜ ነው የሲሳይ ሚስት፣ እስከዚያ ድረስ ሰዎች ይዘዋት የነበረችው፣ ድምፅ ሳታሰማ መሬት ላይ የተቀመጠችው።

ቆየን። ሌላ ዶሮ ወረደች። ይችኛዋ ስትወጣ ዓይኗ ይገለጣል፤ ቆይታም ቆማ ተራገፈች። ወንዶቹ ወገባቸውን በገመድ ታስረው ገቡና ሲሳይን አወጡት።

ሞቶ ነበር። እንስራው አጠገቡ ሳይሰበር ቆሞ እንዳገኙት ነገሩን።

ታረቀ ተርፏል። ለጥቂት ቀናት ዓይኑ አያይም ነበር፤ ኋላ በራለት። ማሽተት ግን አልተመለሰለትም። ሲሳይን በማግሥቱ ቀበርነው። የበርሜሎቹን ጠጠር አየሩ ከጠራ በኋላ በረጅም አካፋ እያወጣን ከሰውና ከውኃ ርቆ ሜዳ ላይ በስሱ በተንነው፤ እስኪበርድ ድረስ ሰው አስጠበቅን፣ ከዚያ ጉድጓድ ቆፍረን ቀበርነው። በሲሳይ ቀብር ላይ አንዳንዱ ሲያየኝ ፊቱን ያዞር ነበር። አልፈረድኩበትም። ሰው የሚያስታውሰው በሩ ላይ መቆሜን ነው።

የባሰው ኋላ መጣ። ነገሩ ወልዲያ ድረስ ተሰምቶ አንድ ካድሬ ተላከ፤ ስብሰባ ተጠራ። የአብዮቱን እህል ማከማቻ የመረዘ አሻጥር ነው አለ ካድሬው። ይህን ጠጠር በስሙ የሚያውቀው ከዚህ አገር አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሷም ውጭ የተማረች፣ በየወሩ ከዚህ አውጡኝ እያለች የምታመለክት። እንዴት ዕለቱን በቦታው ተገኘች? ለምን ሰው እንዳይገባ ከለከለች? በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጨረሻው ምን እንደሆነ የኖረበት ያውቀዋል። አድማሴ አንገቱን ደፋ። እናቴ ከኋላ ቆማ ነጠላዋን ነክሳለች።

መምሬ ዓለሙ ሳይጠሩ ተነሡ።

«እኔ ስብሰባ የማውቅ ሰው አይደለሁም» አሉ። «ልጅ ቀብሬ ነው የመጣሁት። ይህች ልጅ ያን ቀን ገለል ብትልልኝ ኖሮ እኔ እገባለሁ፣ እኔን ተከትሎ አድማሴ ይገባል፣ አድማሴን ተከትላችሁ እናንተ። አገር ልትቀብሩ ነበር፤ አንድ ቀበራችሁ። እሷን የምትወስዱ ከሆነ እኔንም ውሰዱኝ። ዋሷ ነኝ።»

ብለው ተቀመጡ። ካድሬው ሟች ምንዎ ነው ብሎ ጠየቃቸው። ልጄ አሉት። ካድሬው ወረቀቱን አጣጥፎ በማግሥቱ ወደ ወልዲያ ተመለሰ፤ ከዚያም የጠየቀኝ አልነበረም።

ያ ቀን ምን እንደለወጠብኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት እውቀቴ ቦታ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ካታሊስት ሲባል የማስበው ስለ አዲሱ፣ ስለሚሠራው ነበር፤ የትኛው ድኝ ያወጣል፣ የትኛው ናይትሮጅን። ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ የት ይሄዳል ብዬ አስቤ አላውቅም። ጥናቴ ውስጥ ስለሱ አንድ ገጽ አልጻፍኩም። ከዓመታት በኋላ ዝውውሬ ተፈቅዶ ወደ ኢንዱስትሪ ስገባ የያዝኩት ሥራ ይኸው ሆነ፤ ከፋብሪካ በር የሚወጣውን ያረጀ ነገር ሁሉ መከተል። የሥራ ባልደረቦቼ የተማረችውን ትታ የቆሻሻ ኃላፊ ሆነች ይሉ ነበር። እኔ ግን በየበርሜሉ ክዳን ስር ሰው ይታየኛል።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ የነዳጅ ማጣሪያ ባታዩም ጉድጓድ አላችሁ። የእህል ጉድጓድ፣ የውኃ ጉድጓድ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ። አንድ ሰው ገብቶ ዝም ካለ ተከትላችሁ አትግቡ። ወንድምም ቢሆን፣ ልጅም ቢሆን። ክፈቱ፣ አየር ስጡት፣ በገመድ ሳቡት። በየዓመቱ ለአንድ ሰው ሁለትና ሦስት ሰው ሲሞት እሰማለሁ፤ ሁሉም የሞቱት በፍቅር ነው።

አንድ ነገር ግን ለብዙ ዓመት አልለቀቀኝም። መምሬ በአደባባይ ዋስ ሆነውኛል፤ በልባቸው ግን ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ደርግ ሊወድቅ ሲል ታመው ተኝተዋል ሲሉኝ ከሥራ ቦታዬ ተነሥቼ ላሊበላ ገባሁ። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ «መምሬ፣ ስለ ሲሳይ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«አንቺ ምን አድርገሽኝ?» አሉ። «እኔ እግዚአብሔርን ስለ አንቺ ጠይቄው አላውቅም። ያን ቀን ደረትሽ ላይ እጄን ሳሳርፍ መግፋት አቅቶኝ አይደለም። የከለከለኝ ሰው በማግኘቴ አንዱ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ፈርቼ ነበር፣ ጥሩወርቅ። ልጆቼ ውስጥ ወድቀው እኔ ፈርቼ ነበር። እስከ ዛሬ ይቅር በለኝ እያልኩ የምጠይቀው ስለዚያ ፍርሃቴ ነው።»

እውነቱን ነገርኳቸው። ቢገፉኝ ኖሮ ላቆማቸው የምችልበት ጉልበት አልነበረኝም። ቢገቡ ገመዱን የሚይዝ፣ ሰዉን ጸጥ የሚያሰኝ፣ ታረቀን ከዚያ የሚያወጣ አይኖርም ነበር። «ታረቀን ያተረፈው እርስዎ መፍራትዎ ነው» አልኳቸው።

እንባቸው በጆሯቸው በኩል ይወርድ ነበር። ከዚያ ታረቀን ከውጭ አስጠሩትና አጠገቤ እንዲንበረከክ አደረጉት። አንዱን እጃቸውን በሱ ራስ ላይ፣ አንዱን በእኔ ራስ ላይ አኑረው ሁለታችንንም መረቁን።